ሁሉም «የእኛ ነው» የሚለው ጫማ ቤት

ናይሮቢ ውስጥ ትምህርት ሊከፈት ሦስት ቀን ቀርቶታል። መሐል ከተማ ካለው የባታ ጫማ ቤት ደጃፍ የተሰለፈው ሰው የእግረኛ መንገዱን ሞልቶ ከጎን ካለው ሕንፃ በር ደርሷል። ዘበኛው አንድ ቤተሰብ ሲወጣ አንድ ቤተሰብ ያስገባል። መደርደሪያው ላይ ያለው ጫማ ከሞላ ጎደል ጥቁር ነው። ባለ ማሰሪያው፣ ባለ ዘለበቱ፣ ባለ ላስቲኩ ሁሉ ጥቁር ነው። የኬንያ ተማሪ ከዩኒፎርሙ ጋር ጥቁር ጫማ ይዞ መቅረብ ስላለበት፣ የፈረንጆች አዲስ ዓመት መግቢያ ለጫማ ሻጩ የመኸር ወቅት ነው።

ሰባት ዓመት ቢሆናት ነው፤ አንዲት ልጅ ዝቅ ያለ አግዳሚ ላይ ተቀምጣ እግሯን ዘርግታለች። ሻጩ ተንበርክኮ ተረከዟን ከመለኪያው ጥግ አስጠጋና ተንሸራታቹን ብረት እስከ አውራ ጣቷ ጫፍ ገፋው። ቁጥሩን አንብቦ ወደ ጓዳ ገባ፤ ካርቶን ይዞ ተመለሰ። ልጅቷ ጫማውን ካጠለቀች በኋላ እናትየው ጎንበስ አለችና የጫማውን አፍንጫ በአውራ ጣቷ ጫን አደረገችው።

«እንዴት ነው የኔ እናት?»

«ልክ ነው እማዬ።»

«ልክ ከሆነማ አይሆንም። ዓመቱን አያደርሳትም» አለችና ለሻጩ በስዋሂሊ አንድ ቁጥር እንዲጨምር ነገረችው።

አማርኛዋን ሰምቼ ተጠጋኋት። ኢስሊ ከሚባለው የናይሮቢ ሰፈር ከገባች አሥራ ስምንት ዓመት ሆኗታል። ሦስት ልጆቿን ያስተማረችው በዚህ ጫማ ነው፤ «ታፊስ» ይሉታል እዚህ። ከታላቁ ለታናሹ የሚወርድ፣ ሶሉ ሳይገነጠል ሁለት ባለቤት የሚያይ ጫማ ነው ትላለች። ባታ የማን አገር ኩባንያ እንደሆነ ጠየቅኋት። «የኬንያ ነዋ! እዚሁ ሊሙሩ አይደል የሚሠራው?» ሻጩም ጥያቄው አስገርሞት በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ። ከጎናችን ተራውን የሚጠብቅ የሕንድ ተወላጅ ሽማግሌ ግን ዝም ሊል አልቻለም። «ይቅርታ አድርጉልኝ፤ ባታማ የሕንድ ነው» አለ። ያደገው ኮልካታ አጠገብ ነው። እዚያ በኩባንያው ስም የተሰየመ ሙሉ ከተማ አለ፤ ባታናጋር ይባላል።

ሁለቱም ጥያቄዬን በትክክል አልመለሱትም። አንድ የንግድ ስም ግን ከተወለደበት አገር በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ርቆ፣ በሁለት አህጉር፣ ሁለት ሰዎች «የእኛ ነው» ብለው እስኪሟገቱለት ድረስ እንዴት ሥር ሊሰድ ቻለ? ከ130 ዓመት በላይ ያስቆጠረውን የዚህን ጫማ ቤት ታሪክ እንድከታተል ያደረገኝ ይህ ጥያቄ ነው።

800 ጉልደን እና ሸራ

ባታ የቤተሰብ ስም ነው። በ1894 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ቶማሽ ባታ የተባለ የ18 ዓመት ወጣት ከወንድሙ ከአንቶኒንና ከእህቱ ከአና ጋር ሆኖ ዝሊን በምትባል ትንሽ ከተማ የጫማ ሥራ ጀመረ። ዝሊን ዛሬ ቼክ ሪፐብሊክ በምንላት አገር በምሥራቅ በኩል የምትገኝ፣ ያኔ በኦስትሮ-ሃንጋሪ ንጉሠ ነገሥት ሥር የነበረች ከተማ ናት። ቤተሰቡ ከአያት ቅድመ አያት ጀምሮ ጫማ ሰፊ ነበር። መነሻ ገንዘባቸው ከእናታቸው የደረሳቸው 800 ጉልደን ነው።

የመጀመሪያው ዓመት ኪሳራ ሆነባቸው። ዕዳ ተቆለለ፤ አንቶኒን ለውትድርና ተጠራ፤ ቆዳ መግዣ ጠፋ። ቶማሽ በእጁ የነበረውን ሲያይ ሸራ ብቻ አገኘ። ከሸራ ጫማ ሰፋ። ቀላል፣ ርካሽ፣ የሠራተኛ አቅም የሚችለው ጫማ ወጣው። «ባቶቭካ» ተባለ፤ በባታ ስም ማለት ነው። በትምህርት ቤት ዘመኑ ሸራ ጫማ አጥቦ ፀሐይ ላይ ያሰጣ ሁሉ ይህን ጫማ ለማወቅ አይቸገርም።

ስለ ባታ የሚጽፉ ብዙዎች ታሪኩን ከማሽን ይጀምራሉ። በእኔ እምነት ግን መጀመሪያው ሸራው ነው። ቆዳ ያጣ ሰው ቆዳ መግዛት ለማይችል ሰው ጫማ ሠራ። ከዚያ በኋላ ኩባንያው በገባበት አገር ሁሉ ዓይኑ ያረፈው ገና ጫማ ባልገዛው ሰው እግር ላይ ነበር።

ማሽኑ የመጣው ቆይቶ ነው። በ1904 ቶማሽ ሦስት ሠራተኞቹን ይዞ አሜሪካ ማሳቹሴትስ ውስጥ ወደምትገኘው የጫማ ከተማ ወደ ሊን ሄደ። እዚያም እንደ ተራ ሠራተኛ ፋብሪካ ተቀጥሮ፣ ሥራው እንዴት ተከፋፍሎ እንደሚፈስ በእጁ ሠርቶ ተማረ። ተመልሶም ዝሊን ላይ ያንኑ ተከለ። አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲፈነዳ ወደ ቪየና ገሥግሦ የወታደር ጫማ ትእዛዝ ይዞ ተመለሰ፤ ሠራተኞቹንም ከግንባር አስቀረበት። አንድ የመርካቶ ጫማ ነጋዴ ይህን ሳወራው፣ «ጦርነት ያላሳደገው የጫማ ፋብሪካ የት አለ?» አለኝ። እውነቱን ነው። ጦርነቱ ሲያልቅ ግን ያደጉት ሁሉ እኩል አልቆሙም።

ውድነትን የመታው ጡጫ

በ1922 አዲሲቱ ቼኮዝሎቫኪያ ጭንቅ ውስጥ ነበረች። ገንዘቧ በድንገት ጠንክሮ የውጭ ገበያዋ ተዘጋ፤ አገር ውስጥ ያለው ሰው ደግሞ የሚገዛበት የለውም። የፋብሪካ ባለቤቶች መጋዘናቸውን ቆልፈው ዋጋው እስኪመለስ መጠበቅ ያዙ። በመስከረም መጀመሪያ ላይ በየከተማው ግድግዳ ላይ አንድ ማስታወቂያ ተለጠፈ። የተጨበጠ ጡጫ «ውድነት» በሚለው ቃል ላይ አርፎ ሲሰባብረው ያሳያል። ባታ የጫማውን ዋጋ በግማሽ ቀንሶ ነበር።

የቅናሹ ሸክም ከፊሉ የወደቀው በሠራተኛው ላይ ነው፤ ይህ መደበቅ የለበትም። ደመወዝ 40 በመቶ ተቆረጠ። በምትኩ ኩባንያው ምግብና ልብስ በራሱ ሱቆች በግማሽ ዋጋ እንዲያገኙ አደረገ። ሕዝቡ በጫማ ቤቶቹ ደጃፍ ተሰለፈ። ተፎካካሪዎች ነገሩ ገብቷቸው ዋጋ መቀነስ ሲጀምሩ ደንበኛው ባታ ቤት ገብቶ ወጥቷል።

> ከአንድ ጥንድ የሚገኘው ትርፍ ሲያንስ፣ ጫማ ገዝቶ የማያውቀው ሰው በሩን ማንኳኳት ይጀምራል።

በዚያው ዘመን ዋጋው በ9 ቁጥር መጨረስ ጀመረ፤ 19፣ 49፣ 99 ኮሩና። ዛሬ በየሱፐርማርኬቱ የምናየው ይህ አጻጻፍ በቼኮች ዘንድ እስካሁን «የባታ ዋጋ» ይባላል።

ዋጋው ዝቅ ከማለቱ ያልተናነሰ ቁም ነገር ደግሞ ቁርጥ መሆኑ ነበር። ፕራግ ላይ የተለጠፈው ዋጋ ተራራ ሥር ባለች ትንሽ ከተማም ያው ነው። ገበሬው ከሻጭ ጋር ሳይከራከር፣ «አታለለኝ ይሆን?» ሳይል ከፍሎ ይወጣል። ልጁን ልኮ ማስገዛትም ይችላል። የጫማ ቤት ሰንሰለት ማለት በመሠረቱ ይኸው ነው። የሱቁ ብዛት ብቻውን ሰንሰለት አያደርገውም፤ በሁሉም ሱቅ ያንኑ ቃል ማግኘት ነው።

ሱቆቹ የተበላሸ ጫማ ይጠግኑ ነበር። የእግር እንክብካቤ ክፍል ነበራቸው፤ ደንበኛው እግሩን ታጥቦ፣ ጥፍሩ ተስተካክሎ፣ ካልሲም ገዝቶ ይወጣል። በ1929 ፕራግ ቬንሴስላስ አደባባይ ላይ የተከፈተው መደብር ከላይ እስከ ታች መስተዋት ለብሶ፣ ማታ ማታ በመብራት ሲያበራ መንገደኛው ቆሞ ያየው ነበር። የኩባንያው መፈክር «ደንበኛችን ጌታችን» የሚል ነው። መፈክር ማንም ይጽፋል። የሱቁ ኃላፊ ግን ገቢው ከሽያጩ ጋር የተሳሰረ ስለነበር፣ ደንበኛ ፊቱን አዙሮ ከወጣ ጉዳቱ በዚያው ሳምንት ኪሱ ውስጥ ይሰማዋል።

ፋብሪካው ውስጥም ያው ነበር። እያንዳንዱ ክፍል እንደ ራሱ ነጋዴ ተቆጠረ። ቶማያ (የጫማውን የላይኛ አካል) የሚሰፋው ክፍል ቆዳውን ከቆራጩ ክፍል «ይገዛል»፤ ጨርሶ ሶል ለሚገጥመው ክፍል «ይሸጣል»። ሒሳቡ በየሳምንቱ ይዘጋል፤ ከ1924 ጀምሮ ሠራተኞች ከክፍላቸው ትርፍ ይካፈሉ ነበር። የተበላሸ ቶማያ የተቀበለ ክፍል ኪሳራው የራሱ ነው፤ ስለዚህ ማንም ከጎረቤቱ ብልሹ ዕቃ አይቀበልም። ለጥራት ከተቆጣጣሪ ጩኸት ይልቅ ይህ ዓይነቱ ሒሳብ ይበጃል።

አጥር ሲበዛ ከአጥሩ ማዶ

ከ1929 በኋላ የዓለም ኢኮኖሚ ሲናጋ አገሮች አንድ በአንድ የቀረጥ አጥራቸውን ከፍ አደረጉ። ከዝሊን ተጭኖ የሚሄድ ርካሽ ጫማ ድንበር ላይ ሲደርስ ርካሽ መሆኑ ቀረ። ሌላው ነጋዴ አቤቱታ ሲጽፍ ባታ አጥሩን ዘልሎ ከማዶ ፋብሪካ ተከለ። ፋብሪካ ብቻም አልተከለም፤ ከተማ ተከለ።

በዩጎዝላቪያ ቦሮቮ፣ በእንግሊዝ ኢስት ቲልበሪ፣ በስዊዘርላንድ ሞህሊን፣ በሕንድ ባታናጋር፣ በካናዳ ባታዋ፣ በፈረንሳይ ባታቪል፣ በኔዘርላንድ ባታዶርፕ ተቆረቆሩ። የከተሞቹን ፎቶ ጎን ለጎን ላስቀመጠ ሰው የቱ የት እንዳለ መለየት ይቸግራል። የፋብሪካዎቹ ቅርጽ የተለካው 6.15 ሜትር በ6.15 ሜትር በሆነ አንድ ልክ ነው። የኮንክሪት ምሰሶ፣ በምሰሶዎቹ መካከል ቀይ ጡብና ሰፊ መስኮት። አጠገቡ ሣር ባለው ግቢ ውስጥ የጡብ ሳጥን የመሰሉ የሠራተኛ ቤቶች፣ ትምህርት ቤት፣ ሆስፒታል፣ ሲኒማ፣ የስፖርት ሜዳ። ዝሊን ራሷ ከጥቂት ሺህ ነዋሪ ተነሥታ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዋዜማ ከ40 ሺህ በላይ ሆናለች።

እዚያ ያለፈ ወጣት ማለዳ በደወል ይነሣል፤ ቀን ይሠራል፤ ማታ ይማራል፤ ከደመወዙ ይቆጥባል። ቤቱ፣ ቁጠባው፣ የልጁ ትምህርት ቤት፣ ቅዳሜ የሚያየው ፊልም ሁሉ ከአሠሪው ነው። ብዙዎች በምስጋና ያስታውሱታል። ሠራተኛ ግን ድምፁን አሰምቶ ለመቃወም በአንድ ቀን ሥራውንም ቤቱንም ለማጣት መቁረጥ ነበረበት። የከንቲባውን ወንበር የያዘውም ከ1923 ጀምሮ ራሱ ቶማሽ ባታ ነበር።

ሐምሌ 12 ቀን 1932፣ ጭጋጋማ ማለዳ ላይ፣ ቶማሽ ወደ ስዊዘርላንድ ሊበር አውሮፕላን ተሳፈረ። አውሮፕላኑ ከዝሊን አጠገብ ኦትሮኮቪትሴ ላይ እንደተነሣ ተከሰከሰ። እሱም አብራሪውም ሞቱ። 56 ዓመቱ ነበር። ኩባንያው ወደ ያባቱ ልጅ ወንድሙ ወደ ያን አንቶኒን ባታ ተላለፈ፤ በዓለም ላይ የተስፋፋውም ይበልጡን በእሱ ዘመን ነው።

ሊፍት ውስጥ ያለ ቢሮ

ያን አንቶኒን ያሠራው 77 ሜትር የሚረዝም ሕንፃ ዛሬም ዝሊን መሐል ቆሟል። ቁጥር 21 ይባላል። ጠርዙ ላይ ከተራ ክፍል የሚሰፋ ሊፍት አለው። ውስጡ ጠረጴዛ፣ ስልክ፣ ወንበሮች፣ የአየር ማቀዝቀዣ፣ ሌላው ቀርቶ ሙቅና ቀዝቃዛ ውኃ የሚያፈስ የእጅ መታጠቢያ ተገጥሟል። ግድግዳ ውስጥ ላይና ታች ለሚመላለስ ክፍል የውኃ ቧንቧ እንዴት እንደሚገጠም ያሰቡትን መሐንዲሶች ሳስብ እስካሁን እደነቃለሁ።

የዚህ ሁሉ ዓላማ አለቃው ከወንበሩ ሳይነሣ ወደየፎቁ እንዲሄድ ነው። የሒሳብ ክፍሉን ሲፈልግ ቢሮው ወደ ሒሳብ ክፍል ይወርዳል፤ ሠራተኛው ደረጃ እየወጣ ጊዜ አይፈጅም። አንዳንዱ ጎብኚ ይህን ሲያይ የቁጥጥር ጥማት ነው ይላል፤ ሌላው ሠራተኛን የማክበር ምልክት ያደርገዋል። ሁለቱም ልክ ይመስሉኛል። ሕንፃው ሲያልቅ ጦርነቱ ተቃርቦ ስለነበር ያን አንቶኒን ሊፍቱን ሳይጠግበው በ1939 አገር ለቆ ወጣ፤ ሕይወቱም ብራዚል ውስጥ አለፈ። ሕንፃው ዛሬ የክልሉ መንግሥት ጽሕፈት ቤት ነው፤ ሊፍቱ ለጎብኚ ይታያል።

> የናዚ ጀርመን ወረራ ሲቃረብ ኩባንያው አይሁድ ሠራተኞቹን ወደ ውጭ አገር ቅርንጫፎቹ አዛወረ። ከእነዚህ ቤተሰቦች መካከል የአንዱ ሕፃን በኋላ የዓለም ታዋቂ ጸሐፌ ተውኔት ቶም ስቶፓርድ ሆነ።

በዚያው ፋብሪካ ውስጥ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ የተቀጠረ ሌላ ልጅ ነበር። በ1941 ኩባንያው ባዘጋጀው የጎዳና ሩጫ ላይ እንዲሮጥ ሲታዘዝ «አልችልም፣ አሞኛል» ብሎ ነበር። ሐኪም አይቶ «ደህና ነህ፣ ሩጥ» አለው። ሮጦ ሁለተኛ ወጣ። ስሙ ኤሚል ዛቶፔክ ነው። በ1952 ሄልሲንኪ ላይ 5 ሺህ ሜትር፣ 10 ሺህ ሜትርና ማራቶን በአንድ ኦሊምፒክ አሸንፏል፤ ይህን እስከ ዛሬ የደገመው የለም። ከስምንት ዓመት በኋላ ሮም ላይ ሻምበል አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ የማራቶን ወርቅ ሲወስድ፣ በርቀት ሩጫ ዙፋን ላይ ቀድሞት ከተቀመጡት አንዱ ከጫማ ፋብሪካ የወጣው ይህ ሰው ነበር።

ስሙ አልተወረሰም

በኅዳር 1944 የአሜሪካ ቦምብ ጣይ አውሮፕላኖች የዝሊንን ፋብሪካ መቱት። በ1945 መንግሥት ወረሰው። በ1949 ከተማዋ ራሷ በኮሚኒስቱ መሪ ስም ጎትቫልዶቭ ተባለች። የቶማሽ ልጅ፣ ያባቱ ሞክሼ ቶማስ ባታ፣ ካናዳ ሆኖ ከዝሊን ውጭ የቀረውን ይዞ እንደ አዲስ ጀመረ። በእሱና በአጎቱ በያን አንቶኒን መካከል ኩባንያው የማን ነው የሚል የፍርድ ቤት ክርክር ዓመታት ፈጀ።

የኩባንያውን ጉልበት ያየሁት እዚህ ላይ ነው። ራሱ ተቆርጦ ሌላው አካሉ መኖሩን ቀጠለ። ሕንድ ያለው ከሕንድ ቆዳ፣ በሕንድ ሠራተኛ፣ ለሕንድ ደንበኛ ይሠራል፤ ኬንያ ያለውም እንዲሁ። ዝሊን ብትጠፋ ባታናጋር ጫማ መሥራት አያቆምም። ያ የቀረጥ አጥር ያስገደደው ዘዴ ሳይታሰብ የኩባንያው መዳኛ ሆነ። ግድግዳ ከሌለው የንግድ መስመር ይልቅ በየአገሩ የተተከለው ሥር ኖረ።

ልጁ ቶማስ በታኅሣሥ 1989 ኮሚኒዝም እንደወደቀ ወደ ዝሊን ሲመለስ ሕዝቡ አደባባይ ሞልቶ ተቀበለው። በቀጣዩ ወር ከተማዋ የጥንት ስሟን መልሳ አገኘች።

ሊሙሩ፣ ጭጋግና ሻይ

ከናይሮቢ ወደ ሰሜን ምዕራብ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ሲወጣ አየሩ ይቀዘቅዛል፤ ሻይ ተክሉ ኮረብታውን ሸፍኖ ይታያል። የባታ ፋብሪካ ከሰማንያ ዓመት በላይ በኖረበት በሊሙሩ ጧት ጧት ጭጋጉ ሳይገለጥ ሠራተኛ በእግሩ ወደ ፋብሪካው ይጎርፋል። ለሦስት ትውልድ እዚያ የሠራ ቤተሰብ ማግኘት አይቸግርም። ኬንያ በጎማ ነጠላ ጫማነት የምታውቀው «ፓታፓታ» ስም ያወጣው ከዚህ ነው።

ኢስሊ ያለችው እናት ያልነገረችኝ የሊሙሩ ታሪክም አለ። ጸሐፊው ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ የዚሁ አካባቢ ተወላጅ ነበር። በ1977 ካሚሪቱ በምትባለው መንደር ከነዋሪው ጋር ሆኖ በጊኩዩ ቋንቋ «በፈለግሁ ጊዜ አገባለሁ» የተሰኘ ቲያትር ሲያዘጋጅ፣ መንደሯ የሻይ እርሻና የዚህ ጫማ ፋብሪካ ሠራተኞች የሚኖሩባት ነበረች። ቲያትሩ የዝቅተኛ ደመወዝን፣ ጫማ እየሠሩ ከትርፉ ያለመካፈልን ጉዳይ በግልጽ አነሣ። መንግሥት አገደው፤ ንጉጊን ያለ ፍርድ አሠረው። ስለ ባታ መልካም ያወራ ሁሉ ይህንም አብሮ ሊያወራ ይገባል ብዬ አምናለሁ። አንድን ኩባንያ «የእኛ» ማለት የምንጠይቀው ነገር አለን ማለትም ነው።

ዛሬ ፋብሪካው ፈተና ላይ ነው። ናይሮቢ ጊኮምባ ገበያ ላይ «ሚቱምባ» የሚሉት፣ እኛ ልባሽ የምንለው የአውሮፓ ጫማ በክምር ይሸጣል። ከቻይና የሚገባው ፕላስቲክ ጫማ ደግሞ ዋጋው አይቀመስም አይባልም፤ ማንም ይቀምሰዋል። «ልባሽ ገዝቼ አይቼዋለሁ» አለችኝ ያቺ እናት። «ለራሴ ይሆናል። ለትምህርት ቤት ግን አይሆንም፤ ቢቀደድ ማን ጋ ልመልሰው?»

ስም የሌለው ጫማ

የእሷ ጥያቄ አዲስ አበባ ድረስ ተከተለኝ። መርካቶ፣ ከሰባተኛ ወረድ ብሎ ባለ ጠባብ ፎቅ ላይ፣ አራት ሰዎች በአንድ ክፍል ውስጥ ይሠራሉ። አንዱ ቶማያ ይሰፋል። አንዱ ቶማያውን ፎርማው ላይ በጉጠት ይወጥራል። አንዱ ማስቲሽ ይቀባል፤ ክፍሉ በማስቲሹ ሽታ ታፍኗል። አራተኛው ሶሉን ገጥሞ በመዶሻ ዙሪያውን ይመታል። ከቆዳ ቁራጭ እስከ ካርቶን አንድ ጥንድ ለመጨረስ የሚፈጅባቸውን ጊዜ ላየ ሰው እጃቸው ከማንም እጅ አያንስም።

አገራችን ከአፍሪካ በቀንድ ከብት ብዛት አንደኛ ናት። ከአርመኖቹ ዳርማር ጀምሮ በደርግ ተወርሶ በአንበሳነት የቀጠለው የጫማ ፋብሪካ የራሱ ሱቆች ነበሩት፤ ብዙ ወላጆች የመስከረም ጫማ የገዙት ከዚያ ነው። በሁለት ሺዎቹ መጀመሪያ የቻይና ጫማ ገበያውን ሲያጥለቀልቅ ብዙ የመርካቶ ጫማ ሰሪ መዶሻውን ሰቀለ። ከዚያ ግን ዲዛይኑን አሻሽሎ፣ ቆዳውን መርጦ ተመልሶ ገበያውን ያዘ። ይህ ትልቅ ድል ነው፤ ተገቢውን ክብር አላገኘም።

ክብር ሲነሣ፣ ቆዳ መፋቅ በዚህ አገር ስድብ ሆኖ እንደኖረ አይረሳም። አፄ ምኒልክ ባለሙያን በሙያው የሚሰድብ ሰው እንዲቀጣ አዋጅ እስከማስነገር የደረሱት በከንቱ አልነበረም። ጫማ የሚሠራውን የናቀ አገር በባዶ እግር የመሄድን ዋጋ ይከፍላል። በደጋው ቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር ሲያርስ የኖረ ገበሬ እግሩ ሊነፋ ይችላል፤ ዝሆኔ እንለዋለን። አይተላለፍም፤ ከአፈሩ የሚገባ ጥቃቅን ማዕድን ነው የሚያመጣው። እግርን መታጠብና ጫማ ማድረግ ይከላከለዋል። በዓለም ላይ ሕመምተኛው ከበዛባቸው አገሮች ግንባር ቀደሟ ኢትዮጵያ ናት። ባታ በቅኝ ግዛት ዘመን ሕንድ ውስጥ ያወጣው ማስታወቂያ በትንሽ ቁስል መንጋጋ ቆልፍ ስለሚገባ ጫማ አድርጉ ይል ነበር። ነጋዴ ነውና ጫማውን ሊሸጥበት ነው፤ የተናገረው ግን እውነት ነው።

ወደ ፎቁ ልመለስ። ያለቀው ጫማ ከካርቶን ከመግባቱ በፊት አንድ ነገር ይቀረዋል። ማስቲሽ የሚቀባው ልጅ ከአንድ ፌስታል ውስጥ ወርቅማ ጽሕፈት ያለባቸው ቁራጮች አወጣና በየጫማው ውስጥ ለጠፈ። «ሜድ ኢን ኢታሊ» ይላሉ።

የክፍሉ አለቃ አምሳዎቹ ውስጥ ያለ ሰው ነው። ጋሼ ይሉታል ልጆቹ። ስለ ጽሕፈቱ ስጠይቀው አላፈረም፤ አልተቆጣም። «ገዢው ነው የሚጠይቀን። የሸዋ ጫማ ነው ካልኩት ግማሽ ዋጋ ይሰጠኛል። ያው ጫማ፣ ያው ቆዳ።»

«የራስህን ስም ብትጽፍበትስ ጋሼ?»

መዶሻውን አስቀመጠ። «ስሜን ብጽፍማ ሶሉ ቢለቅ ሰውየው ተመልሶ የሚመጣው እኔ ጋ ነው።»

«ቢመጣስ?»

ጥቂት ዝም አለ። ወዲያው መልስ አልሰጠኝም። ከፊቱ ካለው ጥንድ አንዱን አነሣና፣ ማስቲሹ ይዞ እንደሆነ ለማየት ከተረከዙ ጀምሮ በሶሉ ዙሪያ በአውራ ጣቱ እየተጫነ ሄደ። አፍንጫው ጋ ሲደርስ አንድ ቦታ ላይ ቆመ። ደግሞ ጫን አለው። ከዚያ ጫማውን ወደ ልጁ መልሶ ወረወረና «ይቺን ድገማት» አለው።